የወታደራዊ ተሽከርካሪ ሞዴሎች ቀለም አደባለቅ

ታንክ፣ ጂፕና መድፍ አሳንሰው የሚሠሩ ሞዴል ሠሪዎችን ከማጣበቁ ሥራ ይልቅ የሚያከራክራቸው ቀለሙ ነው። ክፍሎቹ ከፋብሪካ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ቀለሙን ግን ሠሪው ራሱ ይደባልቃል፣ ወይም ገዝቶ ያስተካክላል። ለተሽከርካሪ በብዛት የተለመደው ልኬት 1/35፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ነው።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ቁጥር ነው። ጀርመን ራል የተባለውን የቀለም መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1927 በ40 ቀለሞች ጀመረች። አሜሪካ የራሷን የቀለም መዝገብ፣ ፌደራል ስታንዳርድ 595ን፣ ያወጣችው በ1956 ስለሆነ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ የአሜሪካ ሸርማን ታንክ ቀለም በዚህ ቁጥር ሲጠራ ኋላ የተገኘ ማዛመጃ ነው።

ቁጥሩም ቢሆን እስከ ጦር ሜዳ አይዘልቅም። የጀርመን ታንኮች እስከ 1943 መጀመሪያ በራል 7021 ጥቁር ግራጫ ይቀቡ ነበር፤ ከዚያ ጠቆር ያለ ቢጫ መደበኛ ሆነ። በላዩ የሚረጨውን ቀይ ቡናማና የወይራ አረንጓዴ የታንኩ ሠራተኞች እንደ ሊጥ በወፈረ መልክ ተረክበው በውሃ ወይም በቤንዚን ያቀጥኑት ነበር። አንዱ ሲያቀጥነው ሌላው ያወፍረዋል፤ ስለዚህ በአንድ የጦር ክፍል ውስጥ እንኳ ሁለት ታንክ አንድ ዓይነት ላይመስል ይችላል። ይህ እየታወቀ ስለ አንዲት ጠብታ መጣላት ብዙም ትርጉም ያለው አይመስልም።

የአሜሪካ ጦር ተሽከርካሪዎች ይቀቡበት የነበረው ኦሊቭ ድራብ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። አረንጓዴ ከመፈለግ ይልቅ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) ላይ ጥቁር ጠብ ማድረግ ይሻላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ያ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ይወጣል። ሁልጊዜ ከፈዛዛው ተነስቶ ጥቁሩን በጠብታ መጨመር ነው፤ ጥቁር እንደ ወጥ ጨው ከበዛ አይመለስም።

ቀጥሎ የልኬት ጉዳይ ይመጣል። የ1/35 ሞዴልን ከ30 ሳንቲ ሜትር ማየት እውነተኛውን ታንክ ከ10.5 ሜትር እንደ ማየት ነው፤ በርቀት ደግሞ ቀለም ይፈዝዛል። ስለዚህ ለ1/72 ልኬት 15 በመቶ ያህል ነጭ ጨምሩ የሚል ምክር ይሰማል። ለመነሻ ያህል መጥፎ አይደለም፤ ግን ነጭ ኦሊቭ ድራብን አመድማ ያደርገዋል፣ ቀይ ቡናማን ደግሞ ሮዝ። ለመጀመሪያው ቢጫ ወይም የአሸዋ ቀለም፣ ለሁለተኛው ትንሽ ብርቱካናማ የተሻለ ያነጣል።

አክሪሊክንና (በውሃ የሚቀጥን) ኢናሜልን (በዘይት ላይ የተመሠረተ) አንድ ላይ ማደባለቅ አይሠራም፤ ይቋጠራል። ከአንድ ፋብሪካ ምርት አለመውጣት ይመረጣል። እርጥብ ቀለም ደርቆ የሚሰጠውን መልክ አያሳይም፤ ስለዚህ ድብልቁ በተመሳሳይ መሠረት ቀለም የተቀባ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ይሞከራል፣ ሲደርቅም በመስኮት ብርሃንና በአምፖል ሥር ይታያል። በአንዱ ብርሃን ልክ የመሰሉ ሁለት ቀለሞች በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ።

የጠብታው ቁጥር ይጻፍ፤ ድብልቁም ከሚያስፈልገው ተርፎ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይቀመጥ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ያልተቀባ ጎማ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነውና። መጨረሻ ላይ ቆሻሻና ዘይት ለማስመሰል የሚፈስሰው ቀጭን የዘይት ቀለም አጠቃላይ መልኩን ስለሚያጠቁር፣ መነሻው ቀለም ከሚፈለገው ትንሽ ፈዘዝ ተደርጎ ይቀባል።