ስለ ላፕቶፕ የተራዘመ ዋስትና የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከፒያሳ እስከ ቦሌ መንገድ ባሉ የኮምፒውተር መሸጫዎች ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከደረሰኙ ጋር የዋስትና ወረቀት መቀበሉ የተለመደ ነው። ላፕቶፑን ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ያመጣለት ሰው ደግሞ «የሦስት ዓመት ዋራንቲ አለው» የሚል ቃል አብሮ ይደርሰዋል። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ማሽኑ ሲበላሽ ሲሆን፣ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣውም በግዢው ዕለት ሳይጠየቁ ከታለፉ ጥቂት ነገሮች ነው። ከእነዚህም ዋናው የዋስትናው ዘመን ርዝመት ሳይሆን የሰጪው ማንነት ነው።

«ዋስትናው የላፕቶፑ ስለሆነ የትም ይሠራል»

ዋስትና ውል ነው፤ ውል ደግሞ ሰጪና ተቀባይ አለው። ሰጪው አምራቹ፣ የሸጠው ሱቅ ወይም ዋስትናውን ለብቻው የሚሸጥ ሦስተኛ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። የአምራቹ ዋስትና በማሽኑ መለያ ቁጥር ላይ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ከላፕቶፑ ሥር ያለውን ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በማስገባት መቼ እንደሚያበቃ ማየት ይቻላል። ሱቁ የሰጠው ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። በአሜሪካ መደብሮች የሚሸጠው የተራዘመ ዋስትና (ከአምራቹ መደበኛ ዋስትና በላይ ተከፍሎበት የሚገዛው) ብዙ ጊዜ የሦስተኛ ኩባንያ ነው፤ ጥገናውም በዚያው አገር እንዲከናወን የታሰበ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ እርሱን መጠየቅ በአብዛኛው ፍሬ የለውም።

የአምራቹ ከሆነ ተስፋው የተሻለ ነው። ዴል ማሽኑ የተመዘገበበት አገር እንዲቀየር ማመልከትን ይፈቅዳል፤ ሌኖቮም ለተወሰኑ ሞዴሎች ዓለም አቀፍ የዋስትና አገልግሎት አለው። ሆኖም የሚገኘው አገልግሎት ተጠቃሚው ባለበት አገር ያለው ያህል ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቴክኒሽያን ቤት ድረስ የሚያስመጣ ዋስትና እዚህ ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ጥገና ማዕከል መሄድን ሊጠይቅ ይችላል።

የሱቅ ዋስትናን በተመለከተ ደግሞ የከተማችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ የራሱን ትምህርት ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ በርካታ ሱቆች ቦታቸውን ለቀዋል። ስልክ ቁጥርና የሕንፃ ስም ብቻ የተጻፈበት ካርድ የያዘ ገዢ በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለዕዳውን የሚያገኝበት መንገድ ይጠብበታል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ደረሰኝ ላይ የታተሙት የንግድ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ግን ከቦታ ጋር አይለወጡም። ይህ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ሊደበዝዝ ይችላልና በገዙበት ቀን ፎቶ ማንሳት ይገባል።

«የተራዘመ ዋስትና ማንኛውንም ብልሽት ይሸፍናል»

በተለምዶ የሚሸፍነው በአጠቃቀም ሳይሆን በአሠራር ወይም በዕቃው ጉድለት የመጣን ብልሽት ነው። ስክሪኑ በራሱ ጊዜ መስመር ቢያወጣ ወይም የኪቦርዱ ቁልፎች ያለምክንያት መሥራት ቢያቆሙ ጥያቄው ተገቢ ነው። ማኪያቶ ከፈሰሰበት፣ ከእጅ ከወደቀ ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ ከመጣ ከፍተኛ ኃይል የተነሣ ከተቃጠለ ግን የአደጋ ሽፋን የሚባለውን ለብቻው ያልገዛ ሰው ከፍሎ ማስጠገን ይኖርበታል። «ቻርጀሬ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ያ መጠን የተለመደውን የኃይል መውረድና መውጣት እንጂ ለቅጽበት የሚዘልለውን ኃይል አይመለከትም። የፈሰሰውን ነገር መደበቅም አያዋጣም፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ውስጥ ፈሳሽ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ምልክት አለ፤ ከሌለም በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የቀረው ዝገት ይናገራል።

ባትሪው የተለየ ጉዳይ ነው። ላፕቶፑ የሦስት ዓመት ዋስትና ቢኖረውም የባትሪው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ያበቃል፤ ባትሪ በአገልግሎት ብዛት አቅሙ መቀነሱም እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

«ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል»

ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ወይም ኤስኤስዲ (መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ) እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳዩ የጥገና መመሪያዎችን ራሳቸው ያሳትማሉ፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ራም መጨመሩ ብቻውን የአምራቹን ዋስትና አያፈርስም፤ ሲጨምር የሰበረው ነገር ግን የራሱ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን «ይህ ማኅተም ከተነሣ ዋስትና የለም» በሚሉ ማሳሰቢያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ለስድስት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ የጻፈው በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ሕግ መሠረት ነው። ያ ሕግ እዚህ አይሠራም። የአዲስ አበባው ሱቅ ወረቀት ማኅተሙ እንዳይነካ ካለና ገዢው ተስማምቶ ከተቀበለው፣ ማሽኑን ሰፈር ላለ ጠጋኝ ከማስከፈት በፊት ሱቁን በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል።

«ዋስትና ውስጥ ስለሆነ መረጃዬም በዋስትና ነው»

አይደለም፤ በእኔ አመለካከት ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። ዋስትናው የሚጠግነው ማሽኑን ብቻ ስለሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድርጅት ሒሳብ ወይም የሠርግ ፎቶ ቢጠፋ ተጠያቂ እንደማይሆኑ አምራቾቹ በውላቸው ላይ ይጽፋሉ። ዲስኩ ተበላሽቶ ሲቀየር አሮጌው በአብዛኛው የአምራቹ ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ተጨማሪ ክፍያ ካልተከፈለበትም ለባለቤቱ ላይመለስ ይችላል።

ብዙዎች የማይጠብቁት ደግሞ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መረጃው የሚቆለፍበት አጋጣሚ ነው። በርካታ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን ቢትሎከር በሚባል ዘዴ ይመሰጥራሉ፤ ምስጢሩን የሚጠብቀው ቺፕ ያለው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ይህን ቁጥር ቴክኒሽያኑ ሊያመጣው አይችልም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሚገኝ፣ ላፕቶፑን ከማስረከብ በፊት በስልክ ገብቶ አይቶ መያዝ ያስፈልጋል። አካውንቱን ሱቁ በራሱ ኢሜይል ከፍቶ የሰጠው ሰው ችግሩ ድርብ ነው።

«በዋስትና ሲገባ አዲስ ይሰጡኛል»

የመጠገን ወይም የመቀየር ምርጫው በአብዛኛው የዋስትና ሰጪው ነው፤ የሚገባው መለዋወጫም ታድሶ የተመለሰ ሊሆን ይችላል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ስለተባለ የዋስትና ወረቀት የሌለው መብት የለውም»

በየሱቁ የተለጠፈው ይህ ማስታወቂያ ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ይሠራ ይሆናል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች ግን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ የተሻለ መብት የሚሰጥ የዋስትና ውል ካለውም ያ እንደተጠበቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ላፕቶፑን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ከወር በኋላ መክፈት፣ ወይም ችግሩን በቃል ብቻ ነግሮ መመለስ መብትን ያዳክማል። ብልሽቱ የተጻፈበት፣ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ያለበት የርክክብ ወረቀት መቀበል ይገባል።

«ዱባይ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ አሠራዋለሁ»

ለብዙ ብልሽቶች ይህ መንገድ ያስኬዳል፤ የዋስትናው ሰጪ እዚያ ካለና ተጓዡ የግዢውን ደረሰኝ ቅጂ ከያዘ ጥያቄው ሊስተናገድ ይችላል። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ግን የተለየ ነው። የተጎዳ ወይም ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሊቀጣጠል ስለሚችል በሻንጣም ሆነ በእጅ ይዞ በአውሮፕላን ማጓጓዝ ክልክል ነው። የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ቻርጅ ማድረግ ቆሞ ባትሪው እዚሁ በባለሙያ እንዲወጣ መደረግ አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን ለዋስትና ሰጪው ፎቶ ልኮ «ባትሪውን ለደኅንነት አስወጣለሁ» የሚል መልእክት መጻፍና መልሱን መያዝ፣ በኋላ «ተከፍቷል» ለሚል ክርክር ማስረጃ ይሆናል።