አዱሊስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታሪክ አስተምራለሁ። የአክሱም መንግሥት የቀይ ባሕር ወደብ የነበረችው አዱሊስ በተነሳች ቁጥር እነዚያው ስህተቶች ይመጣሉ። በተማሪ ወረቀት ላይ ብቻ ቢቀሩ ባልከፋ። አሁን ግን ፌስቡክ ላይ እየተቀባበሉ ሥር ሰደዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አዱሊስ የድሮዋ ምፅዋ ናት።» አይደለችም። ፍርስራሿ ያለው ከምፅዋ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ ዙላ ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ነው።

«እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ የወረዱት በምፅዋ ነው።» የወረዱት እዚያው ዙላ ነው፣ በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ። የመርከብ ማራገፊያ ሠሩ፣ እስከ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ ከህንድ 44 ዝሆኖች አመጡ። ውሃ ስላነሳቸው የባሕሩን ውሃ በመርከብ ላይ እያጣሩ ይጠጡ ነበር።

«ባሕሩ ሸሽቶ ነው ከተማዋ የብስ ላይ የቀረችው።» በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈው ስሙ የማይታወቅ ሰው፣ አዱሊስ ከባሕሩ 20 ስታዲያ ገባ ያለች መንደር እንደሆነች ይናገራል። ይህ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ያኔም ባሕሩ ጥግ አልነበረችም።

«በ640 ዓረቦች አጠፏት።» በዚያ ዓመት በባሕር ዘመቻ መላኩን የዓረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ክፉኛ የተጎዱት ግን ዘማቾቹ እንደሆኑ የሚነግሩን እነዚያው ጸሐፊዎች ናቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ 3ኛ አጋሜንና የሰሜን ተራሮችን ወግቶ አስገበረ፣ አዱሊስ የተገኘው ጽሑፍ ይመሰክራል» የሚለው። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ሙሉ ምዕራፍ በዚህ ላይ ሠርቶ አመጣልኝ። ምዕራፉ እንዳለ ወደቀ። ልጁን አልፈርድበትም፤ ያነበበው መጽሐፍ እንደዚያ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሂምያር (የዛሬዋ የመን) ሊዘምቱ ሲዘጋጁ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ነበር። ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከከተማዋ መግቢያ ላይ፣ የነጭ እብነ በረድ ዙፋን ቆሟል። ከኋላው ደግሞ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ታችኛው ጫፉ የተሰበረ። ሁለቱም ላይ በግሪክኛ ተጽፏል። ካሌብ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ። ገዥው ሥራውን ለኮስማስና ለአንድ ሌላ ነጋዴ ሰጠ። ኮስማስ ለራሱም አንድ ቅጂ አስቀረ። ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ ያለን የእሱ ቅጂ ነው።

ስህተቱም የጀመረው እሱ ጋ ነው። የድንጋዩ ጽሑፍ ሲቋረጥበት የዙፋኑ ቀጣዩ መስሎት አያያዘው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሥታት ናቸው፤ በመካከላቸው መቶዎች ዓመታት አሉ። የድንጋዩ የበጥሊሞስ ነው። ከአባቱ ስለወረሳቸው አገሮች፣ ኤፍራጥስን ስለመሻገሩ፣ ከእኛ አካባቢ ስላስያዛቸው የጦር ዝሆኖች ያወራል። የዙፋኑ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ነው። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠራ ማስገበሩን ይናገራል፤ ሰሜን ሲደርስ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይገልጻል። ባሕር ተሻግሮ ዓረቢያንም ወግቷል። የራሳችንን ንጉሥ ድል ወስደን ለግብፅ ንጉሥ ስንሰጥ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ስለዚህ «የአዱሊስ ጽሑፍ» ብላችሁ ከመጥቀሳችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩ። እስያና ኤፍራጥስ ካለ የበጥሊሞስ ነው። አጋሜና ሰሜን ካለ የዙፋኑ ነው። የዙፋኑን ባለቤት ደግሞ በግምት ስም አታውጡለት። የጽሑፉ መጀመሪያ ስለጠፋ ስሙ የለም፤ ያለው በነገሠ በ27ኛው ዓመት ማስጻፉ ነው። «ስሙ ያልታወቀው የአክሱም ንጉሥ» ብላችሁ ጻፉ፣ ይበቃል።