ውሃን በውሃ ማቅጠን

በስምጥ ሸለቆ የበለዘ ጥርስ ብርቅ አይደለም። ከመተሐራ እስከ ሐዋሳ ባለው መስመር ብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛባቸዋል። መነሻው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል። በጣም የበዛበት ውሃ ለዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ይጎዳል፤ አንገትና ወገብ ይደርቃል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ሐኪሞች ይህንን መዝግበዋል። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ይብሱን ይበረታል።

አንዱ መላ መቀላቀል ነው። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ከሚያንሰው የምንጭ፣ የተጣራ ወንዝ ወይም የሌላ ጉድጓድ ውሃ ጋር ይገናኛል። ፍሎራይዱ አይወገድም፣ ይሳሳል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 4 ሚሊግራም ያለበት አንድ እጅ ውሃ 0.5 ካለበት ሦስት እጅ ጋር ሲቀላቀል 1.4 ገደማ ይሆናል። ይጠጣል። ጉድጓዱ 10 ከሆነ ግን ለአንዱ እጅ ስምንት ተኩል እጅ ደህና ውሃ ይፈልጋል። ያን ያህል ደህና ውሃ ያለው ከተማ ጉድጓዱን ቢዘጋው ይሻለዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ ማጣሪያ ነው የሚያዋጣው፤ ወንጂ ላይም ፍሎራይድን በሚይዝ የአሉሚኒየም ውህድ፣ በአሉሚና፣ ሲጣራ ኖሯል።

ዋናው ነገር የት ይቀላቀላል የሚለው ነው። ሁለቱ መስመሮች ከመጀመሪያው ቤት በፊት አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ መግባት አለባቸው። ጉድጓዱ ከከተማው በአንድ ጫፍ፣ ምንጩ በሌላው ጫፍ ከገባ አማካዩ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። አንዱ ሰፈር ምንጩን፣ ሌላው ጉድጓዱን ይጠጣል። በየመግቢያው ቆጣሪና ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ናሙናው የሚቀዳው ግን ከመውጫው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የደህናው ውሃ መቋረጥ ነው። መብራት ጠፍቶ የምንጩ ፓምፕ ቢቆም ጉድጓዱም አብሮ መቆም አለበት። ሕዝቡ ውሃ ጠፋ ብሎ በሚጮህበት ሰዓት ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ካልተደረገ ግን በቧንቧው የሚሄደው ያው የጉድጓዱ ውሃ ነው፤ በመልክም በጣዕምም አይለይም።

ቧንቧውም ይታሰብበት፤ የለመደው ውሃ ሲቀየር ዝገቱ ሊላጥ ይችላል። የአሜሪካዋ ቱሳን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 የኮሎራዶ ወንዝን ውሃ በቀጥታ ለቤቶች ስትለቅ የአሮጌ ቧንቧዎች ዝገት እየተላጠ ቀይ ውሃ ወረደ። ከተማዋ ወንዙን መሬት ውስጥ አስርጋ፣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተደባልቆ መልሳ ማከፋፈል የጀመረችው በ2001 ነው።

ለጀርም ይህ ዘዴ አይሠራም። ሰገራ የነካው ትንሽ ውሃ ሙሉውን ማጠራቀሚያ ይበክላል፤ ክሎሪን የግድ ነው። የተቀላቀለው ውሃ ለሁሉም ካልበቃ ደግሞ ለመጠጥና ለምግብ ይቀመጥ። ለልብስና ለወለል የጉድጓዱ ይበቃል። ቅድሚያው ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው፤ ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ የሚሠራው ያኔ ነውና።