ስለ ቀጭኑ ጥድ የሚባለውና እውነታው

እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ የሚያድገው የሜዲትራኒያን ሳይፕረስ የግቢ በር ግራና ቀኝ ሲቆም ያምራል። ስለ አያያዙ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ጥድ ያው ጥድ ነው፤ ቅርጹን መቀስ ያወጣዋል።»
ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። አገር ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ችግኝ የፈረንጅ ጥድ ነው። ምንጩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ቅርንጫፉ ወደ ጎን ይዘረጋል። ለአጥር ግሩም ነው። በር ላይ ቀጥ ብሎ ይቁምልኝ ካላችሁ ግን ዕድሜ ልካችሁን መቀስ ይዛችሁ መከተል ነው። የሐበሻ ጥድም በልጅነቱ ሾጠጥ ይልና ሲያረጅ ይሰፋል። የሳይፕረሱ ቅጥነት የዘር ነው። ያም ሆኖ ከፍሬ የበቀለው ሁሉ እናቱን አይመስልም፤ አንዳንዱ ሰፋ ብሎ ይወጣል። ከቀጭን ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተራባ ችግኝ ጠይቁ።

«ቀጭን ስለሆነ ቦታ አይፈጅም።»
ወደ ጎን፣ አዎ። ወደ ላይ ግን ከ20 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከመብራት ሽቦ ሥር አትትከሉት።

«ሲረዝም አናቱን መቁረጥ ነው።»
ቁመቱ ለጊዜው ይገታል፤ ውበቱም አብሮ ይሄዳል። ቅጠል የሌለው ቡናማ እንጨት ድረስ ከቆረጣችሁት ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ መልሶ አያቆጠቁጥም። ክፍተቱ እዚያው ይቀራል። መከርከም ካስፈለገ አረንጓዴውን ጫፍ ብቻ፣ ያውም በስሱ።

«ሁሌም አረንጓዴ ነውና ቅጠሉ አይረግፍም።»
ይረግፋል። ከግንዱ አጠገብ ያረጀው ቅጠል ቡናማ ሆኖ ቢወድቅ አትደንግጡ። የሚያሳስበው ከውጭ በኩል ያለ ቅርንጫፍ ሲደርቅ ነው። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫ ካፈሰሰ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የታመመውን ቆርጣችሁ መቀሱን በአልኮል አጽዱ። ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቀው ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳትም አሉ። በአፍሪካ መጀመሪያ የታወቁት በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ነው። የፈረንጁንም የሐበሻውንም ጥድ አይምሩም።

«ውሃ በበዛለት ቁጥር ያድጋል።»
እስኪጸድቅ ድረስ፣ በተለይ በመጀመሪያው በጋ፣ ውሃ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ድርቅን የሚችል ዛፍ ነው። ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ካላችሁ ክረምቱ ራሱ ጠላቱ ነው። አፈሩን ቆልሉና ጉብታው ላይ ትከሉት። ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ ልክ ውሃ እንደጠማው ይገረጣል፤ ባለቤቱም አዝኖ ጎማውን ይከፍትለታል።