የቤት ወርክሾፕ መሣሪያ ሲሻሻል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ያለው ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ጉልበት ያለው ማሽን ላይ ነው። መነጽሩ፣ ማስኩና የጆሮ መከላከያው «በሌላ ጊዜ» ይባላሉ። እኔ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ፤ ማሽኑ በበረታ ቁጥር አደጋውም ይበረታልና።

«ትንሹ ግራይንደር ትልቅ ዲስክ ከተገጠመለት ትልቁን ይተካል»

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ግራይንደር በሚዞር ዲስክ ብረት የሚቆርጥና የሚያለሰልስ የእጅ ማሽን ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አብዛኛው ከ6,650 ዙር እንዳታሳልፉት ይላል። በዚህ ዙር የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 80 ሜትር ይሄዳል። ትንሹ ማሽን ላይ ሲታሰር ግን ከ130 ሜትር ያልፋል፤ ያኔ ዲስኩ ሊበተን ይችላል። በዚያ ላይ ትልቁን ዲስክ ለማስገባት የመከላከያ ሽፋኑ መፈታት አለበት። ስለዚህ ስብርባሪውን የሚይዘው ነገር ከአደጋው በፊት ተነሥቷል ማለት ነው።

ዲስኩ በእጃችሁ እያለ መሃሉ ላይ ያለችውንም የብረት ቀለበት እዩ። የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ወርና ዓመት እዚያ ላይ ተመትቷል፤ ከተመረተ 3 ዓመት ገደማ ነው። ዲስኩን አያይዞ የያዘው ማጣበቂያ በጊዜና በእርጥበት ስለሚደክም ያረጀ የመቁረጫ ዲስክ አዲስ ቢመስልም አይታመንም።

«ጓንት ምንጊዜም እጅ ያድናል»

ቆርቆሮ ስታነሡ፣ አዎ። በቋሚ ድሪልና በቶርኖ (ዕቃውን እያዞረ በሚቀርጸው ማሽን) ላይ ግን አታድርጉ። የሚዞረው ፑንታ (መብሻው) አንዲት ክር ከያዘ ጓንቱን ከነጣቱ ይጠቀልለዋል፤ እጅ ለመሳብ ፋታ አይሰጥም። እጅጌ ይሰብሰብ፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ የሚበሳው ዕቃ በሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ በሚይዘው መሣሪያ) ይታሰር።

«የማየት መነጽር ስላለኝ ይበቃኛል»

አይበቃም። ጎኑ ክፍት ነው፤ ምት እንዲችል ተብሎም አልተሠራም። «ኢኤን 166» (EN 166) ወይም «ዜድ 87» (Z87) የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ያለበትን የመከላከያ መነጽር ፈልጉ።

«ሰጋቱራውን ጠርጌያለሁ፤ አቧራ የለም»

ወለል ላይ ያረፈው ሰጋቱራ ሳንባ ውስጥ አይገባም። የሚያስፈራው ማሽኑ ከቆመ በኋላም አየር ላይ የሚንሳፈፈው፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ነው፤ ደረቁን መጥረግ ደግሞ መልሶ ያስነሣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሰነድ ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል፤ በተለይ የአፍንጫ ካንሰር። ስለዚህ ቫኪውሙን (አቧራ መምጠጫውን) ከማሽኑ ጋር አገናኙት፤ አቧራ ከምንጩ ሲያዝ ነው የሚያዘው።

ማስክን በተመለከተ፣ የሕክምናው ማስክ በጎንና በጎኑ ያስገባል። ኤን95 (N95) የሚባለው የብናኝ ማስክ ጥቃቅኑን ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶ ያስቀራል፤ ይህ ግን ፊት ላይ ሲገጥም ብቻ ነው። ጺም ያለው ሰው ላይ አይገጥምም፣ ቢከፋም እውነቱ ይኼ ነው። የቲነርና የቫርኒሽ ትነትንም አያቆምም፤ ለዚያ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል።

«ጆሮዬ ድምፁን ለምዶታል»

ጆሮ ጩኸት አይለምድም፤ ድምፁ ከቀነሰባችሁ መስማታችሁ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች ለ85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) በቀን 8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ የኤሌክትሪክ መጋዝ ደግሞ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም።

«የተሳለ መሮ እጅ ይቆርጣል፤ የደነዘዘው ይሻላል»

የደነዘዘ መሮ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ የሚያዳልጠውም ሙሉ ጉልበታችሁን በጣላችሁበት ቅጽበት ነው። አዲስ የመሮ ስብስብ ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩ የመሳያ ድንጋይ ግዙ።

«ኤክስቴንሽን ያው ኤክስቴንሽን ነው»

ቀጭን ገመድ በትልቅ ማሽን ይግላል፤ ማሽኑም ኃይል እያነሰው ይደክማል። በጥቅሉ ላይ እንዳለ የምትሰኩት ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል። ሥራው አጭር ቢሆንም ገመዱን እስከ መጨረሻው ዘርጉት።