በድሬዳዋ የመኖሪያ ቤቶችን የኤሌክትሪክ ፍላጎት መተንበይ

የመኖሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ ፍላጎት ትንበያ ማለት ቤተሰቦች ነገ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ያህል ኃይል፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚፈልጉ አስቀድሞ ማስላት ነው። የነገው ትንበያ የትኛው ማመንጫ መቼ እንደሚሠራ ለመወሰን ይጠቅማል፤ የረጅም ጊዜው ደግሞ ማከፋፈያ ጣቢያ ለመገንባትና ትራንስፎርመር ለመትከል መነሻ ይሆናል። በታዳጊ አገር ሥራውን የሚያከብደው ብዙ ቤት ገና መስመር ያልገባለት፣ የገባለትም ቢሆን የቤት ዕቃው በየዓመቱ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የቆረቆራት፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተገኘን የፍጆታ ልክ በሕዝብ ብዛት አባዝቶ ለድሬዳዋ መጠቀም ከመነሻው ስሕተት ነው።

ከሁሉ የተሻለው መነሻ ቤት ውስጥ ገብቶ ዕቃውን መቁጠር ነው። ሳቢያን ሰፈር ያለ መካከለኛ ገቢ ያለውን ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ቢሠራ በአራት ሳምንት 56 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። እያንዳንዳቸው 70 ዋት የሆኑ ሦስት ቬንትሌተሮች በቀን አሥር ሰዓት ሲዞሩ በወር 63 ይሆናሉ። ፍሪጁ 36፣ አምፖሎቹና ቴሌቪዥኑ 20 ያህል ቢጨምሩ ጠቅላላው 175 ይደርሳል። ይህ ቤተሰብ 1.2 ኪሎዋት የሚስብ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ገዝቶ በቀን ስምንት ሰዓት ቢያሠራው ግን ኤሲው ብቻውን በወር 288 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ማለትም ከቀረው ቤት ሁሉ ይበልጣል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በድሬዳዋ ትንበያ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ስንት ቤቶች፣ በስንት ዓመት ውስጥ ከቬንትሌተር ወደ ኤሲ ይሸጋገራሉ የሚለው ነው።

የወሩ ድምር ብቻውን አይበቃም፤ ጭነቱ የሚደራረብበት ሰዓትም መታወቅ አለበት። አሥር ሺህ ቤቶች ምጣዳቸውን በአንድ ቅጽበት ቢለኩሱ 35 ሜጋዋት ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ቢለኩስ 7 ሜጋዋት ይበቃል። ጋገራ ከቤት ቤት ቀኑና ሰዓቱ ስለሚለያይ ጭነቱ ይከፋፈላል። ሙቀት ግን ለሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት ይመጣል፤ ኤሲ ከምጣድ ያነሰ ኃይል እየሳበ ለመስመሩ የበለጠ የሚያሰጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ያለፈውን መረጃ ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። መብራት በሄደበት ሰዓት ቆጣሪው ዜሮ ይመዘግባል፤ ቤተሰቡ ግን ያን ጊዜ ኃይል ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም። ሊጡ ቦክቶ፣ ምጣዱ ተወልውሎ፣ እናት ደጅ ወጥታ የጎረቤት መብራት መኖሩን እያየች ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ከሰል ታቀጣጥላለች ወይም እንጀራ ትገዛለች። ይህ የታፈነ ፍላጎት ካልተገመተ ትንበያው ከእውነተኛው በታች ይሆናል፣ የሚተከለው ትራንስፎርመር ያንሳል፣ ያነሰውም መልሶ መብራት ያጠፋል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ፍሪጁም ቬንትሌተሩም በአንድነት ስለሚነሡ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭነት ከወትሮው ይልቃል።

ሌላው እንቅፋት የጋራ ቆጣሪ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ቆጣሪው 180 የሚጠቀም አንድ ቤት ያሳያል። በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ታሪፍ ለመኖሪያ ቤት ሰባት እርከኖች ነበሩት፤ ዝቅተኛው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ነበር። እነዚህ ተከራዮች ለየብቻ ቢቆጠሩ በዝቅተኛው እርከን ይከፍሉ ነበር። ከፍ ባለ ዋጋ መክፈላቸው ራሱ ቁጠባ ስለሚያስገድዳቸው፣ የዋጋ ለውጥ በፍጆታ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የሚያሰላ ቀመር ድሃውን ግቢ ሀብታም ቤት አድርጎ ይቆጥረዋል።

የዘመን አቆጣጠርም በድሬዳዋ ተራ ጉዳይ አይደለም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ሙቀት ውስጥ የገባው ጾም በ2018 ዓ.ም. በየካቲት ገብቷል። ጾመኞች ከንጋት በፊት ለሚበሉት ምግብ፣ ለሱሑር፣ መብራት የሚበራበት ወር በየጊዜው ቦታውን ስለሚቀይር፣ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት የሚከተል ትንበያ ይስታል። ፋሲካም ተንቀሳቃሽ በዓል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ለብቻቸው በስሌቱ ውስጥ መግባት አለባቸው።

ለረጅም ጊዜ ትንበያ የሕዝብ ቁጥር መሠረት ነው፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 341,834 ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርክና ነፃ የንግድ ቀጠና ተቋቁመዋል፤ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ሰው የሚከራየው ቤትም በትንበያው ውስጥ መታየት ይኖርበታል። አንድ ትራንስፎርመር ከሚያገለግላቸው መቶ ቤቶች ሃያዎቹ ኤሲ ቢያስገቡ በአንድ ሞቃት ምሽት 24 ኪሎዋት ይጨመርበታል፤ ይህም የትራንስፎርመሩ የራሱ አቅም በሙቀቱ ምክንያት በሚቀንስበት ሰዓት ነው።