በሚና ጨዋታ የገጸ ባሕሪ ሞት፦ ደንቡ፣ መመለሻውና የጠረጴዛው አያያዝ

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ምናባዊ የሚና ጨዋታ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስና አራት አምስት ሰው ይበቁታል። አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን፣ ጭራቆቹንና መንገድ ላይ የሚገኘውን ሰው ሁሉ ይይዛል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይፈጥሩና በእሱ አፍ ይናገራሉ፣ በእሱ እጅ ይዋጋሉ። ያ ገጸ ባሕሪ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አብሯቸው ይኖራል። ስለዚህ ሞቱ በቼዝ ወታደር እንደ መበላት አይቀልም።

ገጸ ባሕሪ ሲወድቅ ጥያቄዎቹ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። መሪው ዳይሱ ያለውን ይቀበል ወይስ ይራራ? ጓደኞቹ ሬሳውን ይሸከሙ ወይስ ይቅበሩ? ባለቤቱ የቀረውን ምሽት ምን ይሥራ? ብዙ ቡድን የሚፈርሰው መልሱን በዚያች ደቂቃ ሊፈልግ ሲነሳ ነው። ሞት ከብዶም ሆነ ቀሎ መጫወት ይቻላል፤ ቅሬታ የሚያመጣው ምን ያህል እንደሚከብድ ቀድሞ ሳይነገር ሲቀር ነው።

ከዜሮ እስከ ሞት

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ በ1974 ሲያወጡ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ደንቡ አጭር ነበር፦ የሕይወት ነጥብህ (የምትችለው የጉዳት መጠን) 0 ከደረሰ ሞተሃል። በ1979 የወጣው የመሪዎች መመሪያ ትንሽ ፋታ ሰጠ። 0 የደረሰ ሰው ራሱን ይስታል፣ በየዙሩ አንድ ነጥብ ይደማል፣ −10 ሲደርስ ይሞታል። ቢተርፍ እንኳ ቢያንስ አንድ ሳምንት ማረፍ ነበረበት። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም −10ን ይዞ ቀጠለና ደም የሚፈሰው ሰው በየዙሩ 10 ከመቶ ራሱን የማረጋጋት ዕድል እንዲኖረው አደረገ። ጉድለቱ ገጸ ባሕሪው በልምድ ከፍ ወዳለ ደረጃ ሲወጣ ይታይ ነበር፤ አንድ ግዙፍ ጭራቅ በአንድ ምት 20 እና 30 ነጥብ ሲያነሳ የ10 ነጥብ ፋታ የለም ማለት ነው። አራተኛው እትም በ2008 ዕጣ የመጣል ሥርዓት አመጣ፤ በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም አቀለለው፤ የ2024 እርማትም መሠረቱን አልነካም።

አሁን በብዙ ጠረጴዛ የሚሠራበት ይህ ነው። ገጸ ባሕሪው 0 ሲደርስ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ተራው በደረሰ ቁጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ ይህን የሞት ዕጣ እንበለው። 10 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ተሳክቶለታል፣ ከ10 በታች ከሆነ ከሽፏል። ሦስት ስኬት ያረጋጋዋል፣ ሦስት ክሽፈት ይገድለዋል። 1 ከወጣ እንደ ሁለት ክሽፈት ይቆጠራል፤ 20 ከወጣ ደግሞ አንድ የሕይወት ነጥብ አግኝቶ ዓይኑን ይገልጣል። የተረጋጋ ሰው ማንም ሳያክመው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በ1 ነጥብ ይነቃል።

ማንም ሳይነካውና ማንም ሳይረዳው የተተወ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ሲሰላ 59.5 ከመቶ ነው። ይህ ቁጥር ያዘናጋል። ወድቆ ሳለ ማንኛውም ጉዳት ከነካው፣ ለምሳሌ የሚነድ እሳት ውስጥ ከተኛ፣ አንድ ክሽፈት ይጨመርበታልና ዕድሉ ወደ 42 ከመቶ ይወርዳል። ጭራቁ አጠገቡ፣ በ5 ጫማ ርቀት ውስጥ ቆሞ ከመታው ግን ምቱ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ስላረፈ እንደ ከባድ ምት (የጉዳቱ ዳይስ በእጥፍ እንደሚጣልበት ምት) ይቆጠራል፤ ሁለት ክሽፈት በአንድ ጊዜ ይመዘገባል፣ የቀረው ዕድል 21 ከመቶ ገደማ ይሆናል። በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ የሚመታ ጭራቅ ሁለቱም ከያዙለት ሰውየው ዕጣ እንኳ ሳይጥል አለቀ። የወደቀን መምታት ወይም አለመምታት ስለዚህ የመሪው ትልቁ ውሳኔ ነው። የተራበ ተኩላ የወደቀውን ይነክሳል፤ ደመወዙን የሚፈልግ ሽፍታ ግን ገና ሰይፍ ይዞ ወደቆመው ይዞራል። መሪው ይህን በጭራቁ ጠባይ አስቀድሞ ከወሰነው ተጫዋቹ ጥቃቱ በእሱ ላይ የታቀደ አይመስለውም።

በቅጽበት የሚገድል ደንብም አለ። ነጥቡ 0 ከደረሰ በኋላ የተረፈው ጉዳት ከገጸ ባሕሪው ሙሉ የሕይወት ነጥብ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ዕጣ የለም። አደጋው የሚከፋው በአንደኛ ደረጃ ነው። 8 ነጥብ ያለው ጠንቋይ በሙሉ ጤንነቱ 16 ጉዳት ይገድለዋል። በ2014ቱ ደንብ ኦርክ የተባለው ጭራቅ በትልቅ መጥረቢያው ከባድ ምት ሲያገኝ አማካይ ጉዳቱ ልክ 16 ነው። ጎብሊን የተባለው ትንሽ ጭራቅ በአንጻሩ በሰይፉ ከባድ ምት ቢያገኝ እንኳ ከ14 አያልፍም። ለጀማሪዎች የመጀመሪያ ውጊያ ጎብሊን እንጂ ኦርክ የማይመከረው በዚህ ስሌት ነው።

ወድቆ መነሳት

የወደቀን ማንሳት ርካሽ ነው። በ5 የወርቅ ሳንቲም የሚገዛ የሕክምና ቦርሳ 10 ጊዜ ያገለግላል፣ ያለ ምንም ፈተናም ያረጋጋል። ቦርሳ ከሌለ የሕክምና ችሎታ ፈተና 10 ማምጣት ይበቃል። ሂሊንግ ዎርድ የተባለው የመጀመሪያ እርከን ድግምት ደግሞ ከ60 ጫማ ርቀት፣ ዋናውን ድርጊት ሳያባክን፣ የወደቀውን ያስነሳል።

እዚህ ላይ ጨዋታው የሚላላበት ቀዳዳ አለ። በቅጽበት እስካልገደለ ድረስ ከ0 በታች የወረደ ጉዳት አይቆጠርም። 3 ነጥብ የቀረው ተዋጊ በ25 ቢመታ 22ቱ ጉዳት ይባክናል፤ ቀጥሎ በ5 ነጥብ ድግምት ብድግ ይላል። ከመውደቁ በፊት ማከም ድግምት ማባከን፣ እስኪወድቅ መጠበቅ ብልህነት ይሆናል ማለት ነው። ውጊያው ብድግ ቁጭ ይሆንና ሞት ያስፈራል የሚል ሰው ይጠፋል።

ብዙ ቡድን ይህን የሚደፍነው 0 በደረሰ ቁጥር አንድ እርከን ድካም በመጨመር ነው። ይሠራል፣ ነገር ግን ዋጋውን ማን እንደሚከፍል መታየት አለበት። በ2014 ደንብ ሦስተኛው የድካም እርከን ጥቃትን ሁሉ ያዳክማል፣ አራተኛው ሙሉ የሕይወት ነጥብን በግማሽ ይቆርጣል፣ ስድስተኛው ይገድላል፤ የአንድ ሌሊት ዕረፍት የሚያነሳውም አንድ እርከን ብቻ ነው። ከፊት የሚቆመው ጋሻ ያዥ ሁሉንም ይሸከማል፣ ከኋላ ቀስት የሚወረውረው ምንም አይነካውም። ቅጣቱን ለመጀመሪያው ውድቀት ትቶ ከሁለተኛው መጀመር ፍትሐዊ ነው።

ሌላው ለውጥ ወጪ የለውም፦ የሞት ዕጣ በስውር ይጣል። ውጤቱን ተጫዋቹና መሪው ብቻ ይወቁት። ሁሉም ካየው «ሁለት ስኬት አለው፣ አንድ ዙር ይቆይ» የሚል ስሌት ይጀመራል፤ ካላዩት ወደ ወደቀው ጓደኛ ይሮጣሉ።

መመለሻውና አልማዙ

በዚህ ጨዋታ ሞት መመለሻ አለው፤ መመለሻው ግን ጊዜ፣ ደረጃና አልማዝ ይጠይቃል። ሪቪቪፋይ የተባለው ድግምት ከሞት በኋላ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ማለትም በ10 ዙር ውስጥ፣ 300 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ አጥፍቶ በ1 ነጥብ ያስነሳል። ክሌሪክ የሚባለው ካህን ይህን የሚያገኘው በ5ኛ ደረጃ ነው። ሬይዝ ዴድ ከ9ኛ ደረጃ ጀምሮ ይመጣል፤ 500 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝና የአንድ ሰዓት ድግምት ይፈልጋል፣ ከሞተ 10 ቀን ያላለፈውን ይመልሳል። የተመለሰው ሰው በጥቃትም በፈተናም 4 ይቀነስበታል፤ ይህም በእያንዳንዱ ሌሊት ዕረፍት በ1 ይቃለላል። ከዚያ በላይ ያሉት እስከ 100 ዓመት ወደ ኋላ የሚደርሰው ሪዛሬክሽን (1,000 ወርቅ) እና እስከ 200 ዓመት የሚደርሰው ትሩ ሪዛሬክሽን (25,000 ወርቅ) ናቸው። ድሩይድ የሚባሉት የተፈጥሮ ካህናት ሪኢንካርኔት በተባለ ድግምት ነፍሱን በአዲስ ገላ ያስገባሉ፤ የገላውን ዘር ዳይስ ይወስነዋል።

በተግባር የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ቡድኑ 300 ወርቅ ይዟል ማለት አልማዝ ይዟል ማለት አይደለም። ዋሻ ውስጥ ሳንቲም ወደ አልማዝ አይለወጥምና ግዢው ከጉዞ በፊት፣ በከተማ፣ በስም ተጽፎ መጠናቀቅ አለበት። መሪውም በዓለሙ አልማዝ የት እንደሚገኝ ማወቅ አለበት፤ ሞትን ከሁሉ በቀላሉ የሚያከብደውም የሚያቀለውም የአልማዝ አቅርቦት ነው። ድግምት ከመሰረዝ ይልቅ በአገሩ ሁለት አልማዝ ብቻ እንዳለ ማወጅ ይሻላል፤ አንዱን ማን እንደያዘው ማወቅ ለብቻው ጉዞ ይሆናል።

ሬሳውም ይጠበቅ። ሬይዝ ዴድ የጠፋ አካል አይመልስም፤ ጭንቅላቱ የሌለ ሰው አይነሳም። ቀኑ እንዳያልፍ የሚፈራ ቡድን ጀንትል ሪፖዝን ይጠቀማል፤ ይህ ድግምት ሬሳውን ለ10 ቀን ከመበስበስ ይጠብቃል፣ እነዚያ ቀናትም ከገደቡ አይቆጠሩም። ከሁሉም በላይ ነፍሱ ፈቃደኛ መሆን አለባት። ይህች አንዲት ሐረግ ለተጫዋቹ የተሰጠች መብት ናት። ታሪኩ በሚገባ አልቋል ብሎ ካመነ «አልመለስም» ሊል ይችላል፣ ጓደኞቹም ሊጫኑት አይገባም።

ሌሎች ጨዋታዎች ከዚህ የተለየ መንገድ ይሄዳሉ። በ2019 የወጣው የፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም ከ1 እስከ 4 የሚቆጠር የሞት እርከን አለው፤ የተነሳ ሰው ቁስሉ ተመዝግቦ ይቆይና ዳግም ሲወድቅ ወደ 4 ይበልጥ ተጠግቶ ይጀምራል። ብድግ ቁጭን ከሁሉ በንጽሕና የፈታው ይህ ነው። በዳንጀን ዎርልድ የሚሞተው ሰው ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥላል፦ 10 እና ከዚያ በላይ ያተርፈዋል፣ ከ7 እስከ 9 ሞት ራሱ ውል ያቀርብለታል፣ ከዚያ በታች አበቃ። ዳንጀን ክሮል ክላሲክስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከሁለት እስከ አራት ተራ ገበሬ ይሰጣል፤ ከጉድጓዱ በሕይወት የወጣው ጀግና ይሆናል።

ከጨዋታው በፊት፣ በዕለቱ፣ በማግስቱ

ዘመቻ፣ ማለትም በብዙ ምሽት የሚቀጥል አንድ ታሪክ፣ ከመጀመሩ በፊት በሚደረገው ስብሰባ መሪው ሦስት ነገር በግልጽ ይናገር፦ ገጸ ባሕሪ በተራ ውጊያ ሊሞት ይችላል ወይስ በትላልቅ ፍልሚያ ብቻ፣ መመለስ ምን ያህል ይገኛል፣ ዳይሱ በገሃድ ይጣላል ወይስ ከመከለያ ጀርባ። ሕፃናት ወይም በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው ካለ የሞቱ አተራረክም ይወሰን፤ ዝርዝሩ ሳይነገር «ወደቀ» ብቻ ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ምሕረት የሚደረግ ከሆነ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ይደረግ። ጭራቁ ሌላ ሰው ላይ ሊዞር፣ እጅ ስጡ ሊል ይችላል፤ በአምስተኛው እትም በቅርብ መሣሪያ የመታ ማንኛውም ወገን ከመግደል ይልቅ አደንዝዞ መጣል ይፈቀድለታል። ዳይሱ ከቆመ በኋላ ቁጥሩን መቀየር ግን ከተነቃ የቀድሞውን ድል ሁሉ ያጠራጥራል፤ ተጫዋቾችም ብዙ ጊዜ ይነቃሉ።

ሞቱ ሲጸና ጨዋታውን ለአሥር ደቂቃ ማቆም ተገቢ ነው። የመጨረሻ ቃል ካለው ባለቤቱ ይናገር። ከዚያ ሥራ ይሰጠው፦ ከጭራቆቹ አንዱን ያጫውት፣ ወይም አብሮ የሚጓዘውን አገልጋይ ይያዝ። ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የተተወ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ይቀራል።

አዲሱ ገጸ ባሕሪ በስንት ደረጃ ይግባ? በጥንቱ ጨዋታ ከአንደኛ መጀመር ያስኬድ ነበር፤ የሚጠየቀው የልምድ ነጥብ በየደረጃው ስለሚታጠፍ። በ1981ዱ እትም ተዋጊ 5ኛ ደረጃ በ16,000፣ 6ኛውን በ32,000 ያገኛል፤ አሮጌው ከ5 ወደ 6 እስኪያልፍ እኩል ነጥብ የሰበሰበ አዲስ ሰው 5ኛ ላይ ደርሶለታል። በአምስተኛው እትም ይህ አይሠራም። ፋየርቦል የተባለው የእሳት ድግምት አማካይ ጉዳት 28 ነው፤ 8 ነጥብ ያለውን አዲስ ሰው ያለ ዕጣ ይገድለዋል። እኩል ደረጃ መስጠት ይገባል።

ንብረቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሟቹ አስማታዊ ሰይፍ ለጓደኞቹ ቀርቶ አዲሱም የራሱን ይዞ ከመጣ ቡድኑ በእያንዳንዱ ቀብር ይበለጽጋል። አብሮ መቅበር፣ ለቤተሰቡ መላክ ወይም የአዲሱን ሰው ድርሻ ከሟቹ ዕቃ መቁጠር ሚዛኑን ይጠብቃል። የሟቹ ወረቀት ግን አይጣል፤ ስሙና የሞተበት ቦታ በዘመቻው መዝገብ ይግባ።

ሁሉም በአንድ ላይ ሲያልቁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ መሸሽ ነው። አብዛኞቹ ጭራቆችም ተጫዋቾችም በዙር 30 ጫማ ስለሚሮጡ በውጊያ ደንብ የሸሸ አያመልጥም፤ ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ቆሞ መሞትን ይመርጣል። መሪው «መሸሽ ከፈለጋችሁ ከውጊያ ደንብ እንወጣለን፤ ስንቅ ወይም የተሸከማችሁትን ትጥላላችሁ፣ ታመልጣላችሁ» ብሎ በሩን አስቀድሞ ይክፈት። ካለቁም ዘመቻው በዚያው ዓለም ሊቀጥል ይችላል፦ አዲሶቹ ከወራት በኋላ ወደዚያው ዋሻ ይወርዳሉ፣ የቀድሞዎቹን ጋሻና የአንዱን ያልተጠናቀቀ ካርታ ከበሩ ሥር ያገኛሉ።